መጋቢት ሠላሳ አንድ

አጸደ ሳታነብ ፈረመች። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ እሷም ብትሆን አትክደውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ስፌት እየገለበጠች ስታይ፣ ለዓይን የማትሞላ ጥመት አይታ «ፍቺውና ድገሚው» ስትል የኖረች ሴት፣ የራሷ ጉዳይ ሲመጣ ወረቀቱን አንዴ እንኳ ቀና አድርጋ አላየችውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለሌላ ሰው ብቻ ይመስለን የለ።

ቀኑ ሚያዝያ ሃያ፣ ማክሰኞ ነበር። ፋሲካ ካለፈ ዘጠኝ ቀን፣ ኮሮና አገር ውስጥ ገባ ከተባለ ደግሞ አንድ ወር ተኩል ሆኖታል። ፋብሪካው ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ነው፤ ወደ ውጭ የሚላክ፣ እዚህ አገር የማይለበስ ሸሚዝ ይሰፋበታል። በሩ ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ጥበቃው ጋሽ ዱባለ የሙቀት መለኪያውን ግንባር ላይ እየደገነ አንድ በአንድ ያስገባል። ከበሩ አለፍ ሲሉ ግን ርቀት የሚባል ነገር የለም። መብራት ለመቆጠብ ተብሎ ሁለቱ ላይን አንድ ላይ ተደርጎ፣ ሠላሳ አንድ ሴቶች ክርን ለክርን ተጋፍተው ይሰፋሉ፤ በሽታው በር ላይ ብቻ የሚቆም ይመስል። ጭምብሉን ገዝተው የሚመጡት ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ አሳላት፤ «ለጥንቃቄ» ተብላ ወደ ቤቷ ተላከች። በማግስቱ ወንበሯ ተነሣ፤ ልጅቷም በዚያው ቀረች።

ላይን ማለት ሸሚዙ ከሴት ወደ ሴት እየተላለፈ የሚሰፋበት ረድፍ ነው። ሙሉውን ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው የለም። አንዷ ኮሌታውን፣ አንዷ ኪሱን፣ አንዷ እጅጌውን ትይዝና የራሷን ጨምራ ለቀጣይዋ ታሳልፋለች። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ካጣመመች እስከ መጨረሻዋ ድረስ ጠማማ ነው የሚወጣው። ይህን ለአዲስ ገቢ ሁሉ የምታስተምረው የላይኑ ሱፐርቫይዘር አጸደ ናት። ክር ቆራጭ ሆና ገብታ፣ በየማሽኑ ላይ ተቀምጣ አልፋ፣ ቆማ ለማሠራት የበቃች ናት። ሥራዋን ትወደዋለች። ቢያደክማትም፣ ቢያስለቅሳትም ትወደዋለች።

ወረቀቱን ይዞ የመጣው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ሰይፈሥላሴ ነው። እሱም እንደ አጸደ የቀራንዮ ሰው ነው፤ ሁለቱም መድኃኔዓለምን ነው የሚሳለሙት። በእሑድ ነጠላው ከሥራ ቀን ኮቱ ይልቅ ያምርበታል። አጸደ ጋሼ ነው የምትለው።

«አጸደ፣ ያው እንደምታውቂው ከውጭ የታዘዘው ሁሉ ተሰርዟል» አላት። «ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚሞላ ፎርም ነው። አንቺ ፈርሚና ልጆቹ ይከተሉሽ።»

«ምን ይላል ጋሼ?»

«ምን ይላል፣ ያው ፎርም ነው። እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ?»

እውነት ነው፣ እሱ እያለ ምን ትሆናለች? ፈረመች። ከኋላዋ ኮሌታ የምትሰፋው ማራኪ ተነሣች። ማራኪ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ «አንቺ ከፈረምሽማ» ብላ ጫር አደረገች። ከእሷ በኋላ አሥር ሴቶች በመቀመጫቸው ተራ ተከተሉ። አሥራ ሦስተኛዋ ሚስኪ ነበረች።

ሚስኪ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ጀላል ዓለም ባንክ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ልጆቹን ያሳደገው «ያላነበባችሁትን አትፈርሙ፣ ያልለካችሁትን አትቁረጡ» እያለ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ላንብበው» አለች።

«ሚስኪ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» ብላ የተቆጣቻት ማን መሰላችሁ? አጸደ ራሷ ናት።

«ይጠብቅ አጸድዬ። ጾመኛ ነኝ፣ ቶሎ ቶሎ ማንበብ አልችልም።»

ሴቶቹ ሳቅ ሳቅ አላቸው። ሰይፈሥላሴ ነገሩ ሰው ፊት እንዲረዝም አልፈለገም። «ወስደሽ አንብቢውና ከምሳ በኋላ አምጪ» ብሏት የተፈረሙትን ሰብስቦ ወጣ።

ምሳቸውን የሚበሉት ከጓሮ፣ እጅ ለመታጠቢያ ከተቀመጠው ሮቶ አጠገብ ነው። ሌሎቹ የምሳ ዕቃቸውን ሲከፍቱ ሚስኪ ግንቡን ተደግፋ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ሠራተኛ፣ ባጋጠመኝ የግል ችግር ምክንያት፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን የለቀቅሁ መሆኔን እየገለጽሁ፣ ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያም ሆነ መብት የሌለኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

ማራኪ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ምሳ ዕቃው መለሰችው። «ለቀቅሁ? ማን ነው የለቀቀው?»

«አንቺ ነሻ። ፈርመሻል።»

«ማባረር ከፈለጉ ለምን አያባርሩንም ታዲያ?»

«ስለማይችሉ» አለች ሚስኪ። «አዋጅ ወጥቶ የለ እንዴ፣ ለኮሮናው የወጣው። ሠራተኛ መቀነስ ተከልክሏል፤ በሬዲዮ ሲለፈፍ ነው የከረመው። ለዚህ ነው ራሳችሁ ለቀቃችሁ የሚሉን።»

ማራኪ ወደ አጸደ ዞረች። ብትቆጣ በተሻለ ነበር፤ እሷ ግን ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ አድርጋ ነው የጠየቀቻት። «አጸድዬ፣ አንቺስ አንብበሽው ነበር አይደል?»

«አላነበብኩትም» አለች አጸደ።

ኀፍረት ከእግሯ እስከ ራሷ አቃጠላት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ አጥሩን የቀደደችው እሷ ናት፣ ጅቡ የገባው ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ሴቶች ላይ ነው። ወረቀቱን ከሚስኪ እጅ ተቀብላ እንደ ሸሚዝ መመርመር ጀመረች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ታች ላይ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታትሟል።

«ሚስኪ፣ እስቲ ይሄን ቀን አንብቢልኝ። ዓይኔ ነው ወይ?»

«መጋቢት ሠላሳ አንድ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።»

ሴቶቹ በየልባቸው ይቆጥራሉ፤ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ ባለወልድ፣ ሠላሳ ማርቆስ።

«ከማርቆስ በነጋታው ልደታ አይደለች እንዴ?» አለች ማራኪ።

«ልደታ ናት። ሚያዝያ አንድ።»

«ታዲያ ይሄ የየት አገር መጋቢት ነው?»

አንዷ በሳቅ ፈነዳች። ከእሷ ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። «እኔ ያን ቀን የት ነበርኩ?» ትላለች አንዷ። «ተኝተሽ አምልጦሽ ነው» ትላታለች ሌላዋ። «አዋጁ በሠላሳ ታወጀ፣ እኛ በሠላሳ አንድ ለቀቅን» አለች ሦስተኛዋ። ሚስኪ ሆዷን ይዛ «ተዉኝ፣ ውሃ ጥሜን አታብሱብኝ» እያለች ግንቡ ሥር ቁጭ አለች። ኮሮና ከገባ ወዲህ ያ ጓሮ እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም። ሠላሳ ቀን ያለውን ወር ሠላሳ አንድ አድርጎ፣ በሌለ ቀን ሥራ ለቅቀሻል የሚል ወረቀት ሰው ሲያስፈርም እንዴት አያስቅም።

አጸደም ሳቀች። የእሷ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ከሥሩ የቀረው ንዴት ነበር። ምሳ ዕቃዋን ከደነችና ወረቀቱን ይዛ ወደ ቢሮ ሄደች።

ሰይፈሥላሴ ቀኑን ባሳየችው ጊዜ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ወይ ጉድ» አለ በመጨረሻ። «ሚስተር ማርች ሠላሳ አንድ አድርጉት አለ። ጸሐፊዋ ማርችን መጋቢት አለችው፣ ሠላሳ አንዱን እንዳለ ተወችው። እኔም አላየሁትም።»

ሚስተር የሚሉት ከውጭ የመጣውን ሥራ አስኪያጅ ነው። ስሙ ለመጥራት ስለሚያስቸግር ሁሉም ሚስተር ነው የሚለው። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃ የሚጫነው በፈረንጅ ቀን፣ ሰው የሚሠራው በአበሻ ቀን ነው፤ ሁለቱን የሚያስታርቀው ሰይፈሥላሴ ነበር።

«አላዩትም ወይስ ማየት አልፈለጉም?» አለችው አጸደ።

ሰይፈሥላሴ ወረቀቱን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ለምንስ ማርች? ዛሬ ሚያዝያ ሃያ ነው።»

«ከአዋጁ በፊት የለቀቃችሁ እንዲመስል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አጸደ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ ብለውኝ ነበር።»

«እኔም ልጆች አሉብኝ አጸደ።»

«ማራኪም ሊኖርባት ነው።»

ሰይፈሥላሴ መሳቢያውን ስቦ የተፈረሙትን አሥራ ሁለት ወረቀቶች አወጣና በፊቷ ለሁለት ቀደዳቸው። «እነዚህ ከእንግዲህ አይረቡም። ነገ ጠዋት ቀኑ ተስተካክሎ ይመጣል፤ ሚስተርም ራሱ ይገኛል። ስሚኝ፣ ያንቺ ስም ከሚቀሩት ጋር ነው። ፈርመሽ ልጆቹን ካስፈረምሽ ያንቺን ወረቀት እኔ አወጣዋለሁ። ሥራ ሲጀመር ቦታሽ ይጠብቅሻል።»

«ካላስፈረምኩስ?»

«መጀመሪያ የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ከቀራንዮ በእግሯ ነው የመጣችው። ሚኒባሱ በግማሽ እየጫነ በእጥፍ ማስከፈል ከጀመረ ወዲህ መንገዱን ሁሉ እግሯ ለምዶታል። እየሄደች ለራሷ ያልነገረችው ሰበብ የለም። የቤት ኪራይ አለ፤ ጎጃም ያለች እናት አለች፤ በዚህ ወረርሽኝ ጊዜ ከሥራ የወጣ ሰው ማን ይቀጥረዋል? ደግሞስ እሷ ብትቀር የት ይደርሳሉ፣ እነሱ እንደሆኑ መውጣታቸው አይቀርም። ፈርታ ነበር፤ ጀግና አልነበረችም። ጀግና ብትሆንማ ትናንት ታነበው ነበር። ግን እያንዳንዱን ሰበብ ስታነሣ የማራኪ ጥያቄ ይመጣባታል፤ አንቺስ አንብበሽው ነበር አይደል? ዛሬ ብታስፈርማቸው ለዚያ ጥያቄ መልስ ይኖራታል፤ አዎ፣ አንብቤዋለሁ። ይሄ ነው ጉዱ። ትናንት ተታልላ ነበር፤ ዛሬ ግን አታላይዋ እሷ ልትሆን ነው።

ማራኪ በር ላይ ጠበቀቻት። «ምን እናድርግ?»

«ቦታሽ ተቀመጪ» አለቻት። ሌላ የምትላት ገና አልነበራትም።

ሚስተር ፊቱን በላስቲክ መከለያ ሸፍኖ ከላይኑ ራስ ቆሟል። ሠላሳ ሁለት ወረቀት ማራኪ ማሽን ላይ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ ተናገረ፤ ሰይፈሥላሴ ተረጎመ። ድርጅቱ እንደ ቤተሰብ ያያችኋል፣ ችግሩ የዓለም ነው፣ ሁኔታው ሲሻሻል መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ አለ። ቤተሰብ ሲል ሚስኪ ጣሪያውን አየች።

«ከአጸደ ይጀመር» አለ ሰይፈሥላሴ።

አጸደ ወረቀቱን አነሣችና አነበበችው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳትቸኩል። ሚስተር ሰዓቱን አየ፤ እሷ ማንበቧን ቀጠለች። ቀኑ አሁን ልክ ነው፤ የሚስተርን ማርች ሠላሳ አንድ በአበሻው መጋቢት 22 ይላል። ትናንት ሁሉም የሳቀው በቀኑ ነበር። አሁን ቀኑ ሲስተካከል የቀረው ውሸት ብቻውን ታያት፤ ማንም ሳያስገድደኝ ይላል፣ በገዛ ፈቃዴ ይላል፣ ምንም የምጠይቀው የለኝም ይላል። ማሽኑ ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ ባለው ነጭ ላይ፣ በትላልቅ ፊደል ጻፈች።

«አልለቀቅሁም። መጋቢት 22ም ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ዛሬም ሥራ ላይ ነኝ።»

ሥሩ ፈረመችና ከነብዕሩ ለማራኪ ሰጠቻት። ማራኪ አነበበች፤ ቀና ብላ አየቻት።

«እኔስ ምን ልጻፍ?» አለች በሹክሹክታ።

«እውነቱን።»

ማራኪ ከክምሩ የራሷን ወረቀት አንሥታ ጻፈች፤ የቀረውን ከነብዕሩ ለኪስ ሰፊዋ አሳለፈች። ኪሷ ለእጅጌዋ፣ እጅጌዋ ለጎን ሰፊዋ። ሥራው በየቀኑ በሚሄድበት መንገድ ሄደ። አንዷ ሦስት መስመር ጻፈች። አንዷ «አልወጣም» ብቻ ብላ ፈረመች። ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠች አንዲት ሴት የጎረቤቷን ወረቀት ከፊቷ አስቀምጣ ፊደል በፊደል ገለበጠችው፤ ብዕሩን ስትለቅ ላብ አጥምቋት ነበር። ሚስኪ ከፊትም ከኋላም ሞላችው። ሁለት ሴቶች ግን አንገታቸውን ደፍተው የታተመውን እንዳለ ፈረሙ። የየቤቱን ጉድ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ አጸደም ሆነች ሌላ ሰው ምንም አላላቸውም።

ሰይፈሥላሴ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ሲመጣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። የጻፉትን አየ፤ ጭምብሉ ባይሸፍነው ኖሮ ፊቱ ምን እንደመሰለ ሁሉም ባየ ነበር። መሰብሰቡን ቀጠለ። አማርኛ የማያነበው ሚስተር ሁሉም ሲጽፍ እያየ ራሱን በደስታ ይነቀንቃል። ክምሩን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሰይፈሥላሴ አጭር መልስ ሰጠው።

«ጋሼ» አለች ሚስኪ ከመቀመጫዋ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰች ናት፣ እንግሊዝኛው አያመልጣትም። «አመስግነው ነው የጻፉት አሉት እንዴ? እኛ እኮ አላመሰገንም።»

አጸደ ሰይፈሥላሴን ትክ ብላ አየችው። «ጋሼ፣ እኔና እርስዎ የምንሳለመው አንድ ደጅ ነው» አለችው። «የጻፍነውን ይንገሩት።»

ወረቀቶቹን ከሚስተር እጅ መልሶ ተቀበለ። የመጀመሪያውን በእንግሊዝኛ አነበበ፤ ድምፁ ከጭምብሉ የወጣ አይመስልም ነበር። ሁለተኛውን አነበበ። ሦስተኛውን ትንሽ ከፍ አድርጎ። አምስተኛው ላይ ሚስተር ገባኝ ብሎ እጁን አነሣ፤ ሰይፈሥላሴ ግን አላቆመም። የሁለቱን ሴቶች ወረቀት ሳያነብ ከሥር አደረገና ሠላሳውንም አንድ በአንድ፣ ከነስማቸው አነበበ። ከሃያው በኋላ ጀርባው ቀና ማለቱን አጸደ አየች፤ ለትናንቱም ባይሆን ለዛሬው ይቅር አለችው።

ሚስተር የተናገረው ብዙ አልነበረም። ሰይፈሥላሴ ተረጎመ። «መብራቱ ይጠፋል፣ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ነገ በሩ ይዘጋል ይላል።»

«ያባረርናችሁ እኛ ነን ብሎ ይጻፍልን» አለች አጸደ። «ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ይፈርምበት። ያኔ እንሄዳለን።»

ይህም ተተረጎመ። ሚስተር ፊቱን አዙሮ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ መብራቱ ጠፋ፤ አየር ማውጫው ቆመ፤ ሙቀቱ ወዲያው ይሰማ ጀመር። አጸደ ወደ ላይኑ ዞረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ተነሡ፣ ፍጠኑ፣ አትቀመጡ» ስትል የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ከማራኪ ጎን ቁጭ አለች። ማንም አልተነሣም። የታተመውን እንዳለ የፈረሙት ሁለቱም ሳይቀሩ ተቀመጡ። ምሳቸውን በተራ በሉ፣ ሚስኪ ሶላቷን ጓሮ ሰግዳ ተመለሰች፣ እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ በጨለመው አዳራሽ እጃቸውን ማሽናቸው ላይ አድርገው ዋሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ወትሮው በተራ ወጡ። አጸደ የመጨረሻዋ ነበረች። ጋሽ ዱባለ ቁልፉን በእጁ ይዞ በሩ ሥር ቆሟል፤ መሬት መሬት ያያል።

«ነገ ሁለት ሰዓት ላይ እንመጣለን ጋሽ ዱባለ።»

«ዝጋ ተብያለሁ ልጄ። ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ይዝጉት» አለችው። «እኛ ግን እንመጣለን።»